ትንሽ ክበብ ምን ተውኔት ይምረጥ? ከድሬዳዋ የተገኘ ተሞክሮ

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ውጪ በየከተማው ያለ ደመወዝ፣ ከሥራና ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰቡ ቴአትር ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ፈርሶ እንደገና የተነሣ የቴአትር ክበብ አባልም ነኝ። ስንፈርስ ምክንያቱ የገንዘብ እጦት መስሎን ነበር። ጠብ ነው ያሉም ነበሩ። ቆይቶ የገባን ግን እጦቱም ጠቡም የመጡት ተውኔት ከምንመርጥበት መንገድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስለ ትወናና ስለ ዝግጅት ብዙ አላወራም። ከዚያ ሁሉ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ምን እናንብብ? ካነበብነውስ የትኛውን መድረክ ላይ እናውጣ?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተውኔት የምንመርጠው በዝናው ነበር። አዲስ አበባ ታይቶ የተጨበጨበለት፣ ታላላቆቻችን «የዚያን ጊዜ ቴአትር» እያሉ የሚያነሡት ሥራ እጃችን ሲገባ ፎቶ ኮፒ ይደረግና ልምምድ ይጀመራል። ገጸ ባሕርያቱን የምንቆጥረው ከጀመርን በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የመረጥነው የመጨረሻ ሥራ ነገሥታትና መሳፍንት፣ መልእክተኞችና ወታደሮች የሚመላለሱበት የታሪክ ተውኔት ነበር። ከሃያ በላይ ሰው ይፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ የሚናገሩት ነገር ያላቸው ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ የቀሩት ጦር ይዘው ይቆማሉ፣ እጅ ነሥተው ይወጣሉ።

ጦር ይዞ ለመቆም ከሳቢያን እስከ ከዚራ በዚያ ሙቀት የሚመላለስ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ፋብሪካ ተረኛ ነው፣ ሌላው ባጃጅ ይነዳል፣ ሌላዋ ፈተና ደርሶባታል። ቡድኑ ሙሉ ሆኖ የተገኘበት ቀን አልነበረም። ዋና ተዋንያኑ ለሌሉ ሰዎች እየተናገሩ መለማመድ ሰለቻቸው፤ መወቃቀስ ተጀመረ። ይህ ሁሉ እየሆነ አልባሳት ከአዲስ አበባ በኪራይ መጣ፣ ለአዳራሹ ቀብድ ተከፈለ፣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከዚያ የደራሲው ወራሾች ሰምተው ደወሉ። ማን እንደ ፈቀደልን ጠየቁ። የፈቀደልን ሰው አልነበረም። ትርዒቱ ተሰረዘ፤ ቀብዱ አልተመለሰም። አባላት ከኪሳቸው ያዋጡት ገንዘብ የት ገባ የሚለው ጥርጣሬ ተከተለና አብረው ያደጉ ጓደኛሞች መንገድ ላይ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ።

ሕጉን ቀድማችሁ ብታውቁት ብዙ ነገር ይተርፋችኋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ በሕዝብ ፊት እንዲቀርብ፣ እንዲተረጎም ወይም ተለውጦ እንዲሠራ የመፍቀድ መብት የደራሲው ነው ይላል። መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ይህ ማለት በ1980 ዓ.ም. ያረፉት የመንግሥቱ ለማ ሥራዎች እስከ 2030 ዓ.ም.፣ በ1998 ዓ.ም. ያረፈው የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራዎች ደግሞ እስከ 2048 ዓ.ም. ባለቤት አላቸው። ሼክስፒር፣ ሞልየር፣ ቼኾቭና ኢብሰን ዘመናቸው ስላለፈ ፈቃድ የሚጠየቅባቸው አይደሉም። ነገር ግን ትርጉሙ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ሐምሌት»ን ማንም ሰው ከእንግሊዝኛው ሊተረጉመው ይችላል፤ ጸጋዬ የተረጎመውን «ሐምሌት» ያለ ፈቃድ ማሳየት ግን አይቻልም። ብዙ ክበብ ይህን ልዩነት ሳያውቅ «የውጭ አገር ተውኔት ነው፣ ማን ይጠይቀናል» እያለ ይገባበታል።

ከፈረስን በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም ማንንም አልጠራም። እንደገና ያገናኙን አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጥገና ክፍል ያሳለፉ፣ ከፈረንሳዮቹ ጊዜ ጀምሮ የንባብ ፍቅር ያደረባቸው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ መጽሐፍ መያዝ አቅቷቸው ነበር። አንድ ቀን እኔን አስጠርተው «ልጄ፣ እናንተ አዳራሽ የላችሁም፣ እኔ ደግሞ የሚያነብልኝ የለኝም። ግቢው ሰፊ ነው፤ ኑና አንብቡልኝ» አሉኝ። ቤታቸው ከዚራ ከሚገኙት የድሮ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች አንዱ ነው። ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ፀሐይ ስትበርድ ከሥሩ ወንበርና ሰሌን ይዘረጋል።

በመጀመሪያ የመጣነው አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ነን። ትርዒት የሚባል ነገር አልታሰበም። አንድ ተውኔት እንይዛለን፣ ገጸ ባሕርያቱን እንከፋፈላለን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድምፃችንን አውጥተን እናነባለን፣ ቡና ይጠጣል፣ እንነጋገራለን። በቴአትር ቤቶች የጠረጴዛ ዙሪያ ንባብ ተውኔቱ ከተመረጠ በኋላ የሚመጣ የልምምድ መጀመሪያ ነው። እኛ ግን ከምርጫው በፊት አደረግነው። ለክበባችን ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው፤ ሌላ ምንም ምክር ባትወስዱ ይህን ውሰዱ።

ብቻችሁን ስታነቡ ተውኔቱን የምትሰሙት በራሳችሁ ድምፅ ነው፤ የጎደለውን ሐሳባችሁ ይሞላዋል። ሰዎች ተቀምጠው ሲያነቡት ግን የሚሞላለት የለም። እኔን ቤቴ ውስጥ ያስለቀሰኝ አንድ ተውኔት ነበር። በዛፉ ሥር ሲነበብ ሁሉም ገጸ ባሕርይ አንድ ዓይነት ቃላት፣ አንድ ዓይነት ርዝመት ያለው ዓረፍተ ነገር እንደሚናገር ሰማን። ሻይ አፍላዋም ሚኒስትሩም የሚናገሩት በደራሲው አንደበት ነበር። በተቃራኒው ወረቀት ላይ ደረቅ የመሰለኝ፣ ሁለት ሰዎች ስለ ቤት ኪራይ የሚጨቃጨቁበት አጭር ሥራ ሲነበብ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው «እሱ እየዋሸ ነው! ገንዘቡ አለው!» ብለው ጮኹ። አንድም ቦታ ላይ ገንዘቡ እንዳለው አልተጻፈም። ከአነጋገሩ ነው የሰሙት። እንዲህ ያለ ተውኔት ስታገኙ አትልቀቁት።

ንባቡ ላይ የምንከታተላቸው ነገሮች ቀስ በቀስ ተለዩልን። የራሱ ተራ ያልሆነ ሰው ወረቀቱን ትቶ የሚናገረውን ሰው ፊት ማየት ከጀመረ ጥሩ ምልክት ነው። ስልኮች የሚወጡበትን ገጽ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ በሌላ ቀን በሌሎች ሰዎች ሲነበብም በዚያው ገጽ ላይ ስልክ ከወጣ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። ምላስ የሚሰናከልበት ዓረፍተ ነገር መድረክ ላይም ያሰናክላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንሿን ሚና ያነበበውን ሰው ጠይቁት፦ ይህን ሚና ለመሥራት ከሥራ በኋላ ትመጣለህ? የእሱ መልስ ተውኔቱ እናንተ ክበብ ውስጥ በሕይወት መቆየት አለመቆየቱን ይነግራችኋል። የእኛን ታላቅ የታሪክ ተውኔት አስቀድመን አንብበነው ቢሆን ኖሮ ጦር ያዦቹ በመጀመሪያው ምሽት መልሱን ይሰጡን ነበር።

አሁን ወደ ተውኔቶቹ ልግባ። እኔ እንግሊዝኛ ስለማስተምር የውጭዎቹን ለንባብ ምሽቱ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አመጣለሁ፤ በጓደኛሞች መካከል ለማንበብ እንጂ ለሕዝብ ለማሳየት አይደለም።

መጀመሪያ ግቢውን ያናወጠው የደቡብ አፍሪካው «ሲዝዌ ባንሲ ሞቷል» ነው። አቶል ፉጋርድ ከሁለቱ ተዋንያን ከጆን ካኒና ከዊንስተን ንትሾና ጋር ሆኖ ነው የፈጠረው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ዕድሜው ትልቅ ቢሆንም ለድሬዳዋ መድረክ ፍጹም አዲስ ስለሆነ ነው የማነሣው። የመኪና ፋብሪካ ሥራውን ለቆ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው አለ፤ ወደ ከተማ ሥራ ፍለጋ የመጣ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውና በቀናት ውስጥ ውጣ የተባለ ሌላ ሰው አለ። ይህ ሁለተኛው ሰውና ቡንቱ የሚባል ወዳጁ ሌሊት መንገድ ላይ ሬሳ ያገኛሉ፤ የሟቹ የይለፍ ደብተር ትክክለኛ ማኅተም አለበት። ስሙን ጥሎ የሞተውን ሰው ስም ይውሰድ? ወይስ በስሙ ይራብ? ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ሁለት ተዋንያን ብቻ ይሠሩታል፤ ካኒና ንትሾና በዚህና በ«ደሴቱ» እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካውን የቶኒ ሽልማት ተጋርተዋል። ሲነበብ ከመካከላችን አንዱ ፎቶ ቤት የሚሠራ ልጅ ነበር። ለመታወቂያ ፎቶ የሚመጡ ከገጠር የገቡ ሰዎች እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ኮት ተውሰው እንዴት እንደሚለብሱ እያነበበ ያሳየን ጀመር። ያን ጊዜ ነው ሩቅ አገር የተጻፈ ነገር ያለ ምንም ለውጥ ቀፊራ ገበያ ዳር ሊቆም እንደሚችል ያመንኩት። ለንባብም ለመድረክም ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው።

ቀጥሎ «የሳይዝ ወንድማማቾች»ን ፈልጉ። አሜሪካዊው ታሬል አልቪን ማክሬኒ የጻፈው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው መድረክ ያየው። ሦስት ወንዶች ብቻ። ታላቅ ወንድም ጋራዥ አለው፣ ታናሹ ከእስር ቤት ተፈትቷል፣ ሦስተኛው በእስር ቤት ያፈራው ጓደኛ ነው። ስሞቻቸው ከምዕራብ አፍሪካው የዮሩባ ሕዝብ አማልክት የተወሰዱ ናቸው። ደራሲው አንድ አስደናቂ ነገር አድርጓል፦ ተዋንያኑ የመድረክ መመሪያውን ራሳቸው ለተመልካች ይናገራሉ። «ይገባል» ብሎ ይገባል፤ «ይስቃል» ብሎ ይስቃል። በር መሥራት፣ መኪና ማምጣት አያስፈልግም። ገንዘብ ለሌለው ክበብ ይህ ስጦታ ነው። ጋራዥ ያደጉ ልጆች በሞሉበት ከተማ ደግሞ የሚያነብበው አይጠፋም።

ለሴቶች፣ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ሴቶች፣ የካሪል ቸርችል «ብቻዬን አመለጥሁ» አለ። ርዕሱ ከመጽሐፈ ኢዮብ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ ታየ፤ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ነው። አራቱም ገጸ ባሕርያት ሰባ ዓመት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው እንዲሆኑ ደራሲዋ ጽፋለች። ሦስት ጎረቤታሞች ጓሮ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፤ አራተኛዋ በአጥሩ በር ገብታ አብራቸው ትቀመጣለች። ጨዋታው ተራ ነው፤ አራተኛዋ ግን በየመካከሉ ተነጥላ ስለ ዓለም መጥፋት አስፈሪ ነገር ትናገራለች። ከተቀመጡበት መነሣት የለባቸውም፣ መሮጥ የለም፣ የሚቀየር ትዕይንት የለም። የጋሼ ባለቤትና ጎረቤቶቻቸው አንብበውልናል። መድረክ ላይ ወጥተው የማያውቁ እናቶች ያነበቡበት ጸጥታና አወራረድ የእኛን ወጣት ተዋንያን አስተምሯቸዋል። እባካችሁ ቴአትር የወጣቶች ብቻ ነው ብላችሁ እነዚህን ሰዎች ከግቢያችሁ አታስቀሩ።

ለንባብ ብቻ የምመክራቸውም አሉ። የዳንከን ማክሚላን «ሳንባ» ስለ አንድ ባልና ሚስት መሰል ጥንዶች ነው፤ በዚህች እየተበላሸች ባለች ምድር ላይ ልጅ እንውለድ ወይስ አንውለድ እያሉ ይከራከራሉ። ደራሲው ዕቃ አይኑር፣ የመድረክ ማስጌጫ አይኑር፣ የዓመታት መሸጋገሪያ በድምፅና በመብራት አይገለጽ ይላል። ንግግር መጻፍ ለሚማር ሰው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ያለ ዕረፍት የሚሸከሙት ጽሑፍ ነው፤ በግልጽ የሚነጋገሩባቸው ጉዳዮችም ቤተሰብ ይዞ በሚመጣ ተመልካች ፊት ከባድ ናቸው፤ ቆርጦ ማውጣት ደግሞ ያለ ደራሲው ፈቃድ አይሆንም። የዚሁ ደራሲ «ግሩም ነገር ሁሉ» አንድ ተዋናይ ብቻ ያለው ነው። እናቱ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ ሆስፒታል የገባችበት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ለመኖር የሚያበቁ ጥሩ ነገሮችን እየቆጠረ መጻፍ ይጀምራል። ተመልካቾች ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ያነባሉ። ግቢው ውስጥ ወረቀቶቹን ስናድል ቡና ልትጠጣ ብቻ የመጣች ጎረቤት ተራዋ ሲደርስ ያነበበችበትን ድምፅ አልረሳውም። ልታሳዩት ካሰባችሁ ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ልምምዱ ላይም ትርዒቱ ላይም ይኑር፤ ከተመልካቾች መካከል ይህ ሐዘን ቤቱ የገባበት ሰው መኖሩ አይቀርም።

ልምምድ የማይመቻቸው ደግሞ የኢራናዊውን የናሲም ሱሌይማንፑርን «ነጭ ጥንቸል ቀይ ጥንቸል» ይወቁት። ደራሲው ወታደራዊ አገልግሎት አልሰጥም በማለቱ ፓስፖርት ተከልክሎ በነበረበት ጊዜ የጻፈው ነው። አዘጋጅ የለውም፣ ልምምድ የለውም። በየምሽቱ ሌላ ተዋናይ ይወጣል፤ ጽሑፉ በታሸገ ፖስታ የሚሰጠው መድረክ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ስለዚህ እኔም አላነበብኩትም፣ እናንተም ለመሥራት ሐሳቡ ካላችሁ አታንብቡት።

ከአገራችን በበረከት በላይነህ ተጽፎ ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» ከታየ በኋላ በየከተማው ያለ ወጣት የአንድ ሰው ተውኔት ለመሥራት ተነሣ። መነሣሣቱ ደስ ይላል። ምክሬ ግን የአንድ ሰው ተውኔት ለክበብ መጀመሪያ እንዳይሆን ነው፤ ወጪው ትንሽ ይመስላል፣ የሚጠይቀው ችሎታ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በብሔራዊ ቴአትር የታየውን «የቃቄ ወርድወት»ን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይማራል። በጉራጌ ሲነገር የኖረ፣ ለሴቶች የጋብቻ መብት የተነሣች ሴት ታሪክ እንዴት ተውኔት እንደሚሆን ያያል። ሐረርና ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ስንት ታሪክ ይዘው ዝም ብለው ተቀምጠዋል!

እኛንም ወደ ራሳችን ያዞረን ይህ ቁጭት ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር፣ በራስ መኮንን ቤት ያደጉ ናቸው። የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ ከፊታቸው የሚከተሉት አማርኛ ተውኔት አልነበረም። እኛ ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ የማንጽፍበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከአባሎቻችን አንዷ፣ ቀፊራ ጨርቅ የምትሸጥ ልጅ፣ ስለ ደቻቱ ጎርፍ ጻፈች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሲሄድ ሕፃን ነበረች። ተውኔቷ ውስጥ በወንዙ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አሉ፤ በሠርግ ጉዳይ ተኳርፈዋል፤ ታሪኩ የሚያበቃው ውሃው ከመድረሱ በፊት ነው። መጀመሪያ ስታመጣው ዘጠኝ ገጸ ባሕርያትና ረጃጅም ንግግሮች ነበሩበት። እዚህ ላይ የተማርነውን አዲስ ጽሑፍ ለሚያሳድግ ክበብ ሁሉ እመክራለሁ። ደራሲዋ እንድታነብ አልፈቀድንላትም፤ ደራሲ ሲያነብ የጎደለውን በድምፁ ይሸፍነዋል። እሷ ወደ ኋላ ተቀምጣ የሰዎቹን ፊት እንድታይ አደረግን። ከንባቡ በኋላ «ወደዳችሁት?» የሚለው ጥያቄ ተከለከለ፤ በእኛ ባህል መልሱ የታወቀ ነው፣ ማንም ሰው ፊት ለፊት አልወደድኩትም አይልም። በምትኩ የት ቦታ ላይ ጠፋባችሁ? ከየትኛው ገጸ ባሕርይ ጋር ቤቱ መሄድ ትፈልጋላችሁ? ማን ነገር እየደበቀ ነው? ብለን ጠየቅን። ለእነዚህ ሰው በነፃነት ይመልሳል። ሁለተኛው ምክር፦ አባላት የራሳቸውን ንግግር ጽፈው እንዲያቀብሏት አትፍቀዱ። የታያቸውን ችግር ይንገሯት፤ መፍትሔው የእሷ ይሁን። በዚህ መንገድ ዘጠኙ ገጸ ባሕርያት አራት ሆኑ፤ ሚና ያጡት ሰዎች ደግሞ ስለ ጽሑፉ ሐሳብ ሰጥተውበት ስለነበር አልተቀየሙም።

ቋንቋውም በንባብ ነው የተቃናው። በመጀመሪያው ጽሑፍ ሁሉም ሰው የመጽሐፍ አማርኛ ይናገር ነበር። ጋሼ ሰምተው «እንዲህ የሚያወራ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ የት አለ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ ለጎረቤቱ በሶማልኛ ይመልሳል፣ ሐረሪ አክስቱን በቋንቋዋ ይጠራል። ደራሲዋ አያቲቱን ሙሉ በሙሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ አደረገቻት፤ የሚተረጉምላትም አላስቀመጠችም። እኔ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተመልካች አይገባውም ብዬ ሰግቼ ነበር። የልጅ ልጇ በአማርኛ የምትመልስላት መልስ ሁሉንም ነገር ገለጸው። በከተማችሁ ሰው የሚነጋገርበትን መንገድ እመኑት።

ስለ ጎርፉ ድምፅ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶች በድምፅ ማጉያ የውሃ ድምፅ እንልቀቅ አሉ። ከአባላት አንዱ በዚያ ሌሊት ዘመዶቹን ያጣ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ለማናችንም ነግሮን አያውቅም። «ያንን ድምፅ ከለቀቃችሁ እኔ አልቀመጥም፤ ብዙ ሰው አይቀመጥም» አለ። ድምፁ ቀረ። ተዋንያኑ ንግግራቸውን አቁመው ጆሮአቸውን ያቀናሉ፣ ይተያያሉ፣ መብራቱ ይጠፋል። ከትርዒቱ በፊትም ስለ ምን እንደሆነ በር ላይ ለሚገባው ሰው ሁሉ በቃል ነገርን፤ መውጣት የሚፈልግ ሰው እንዲወጣበት አንድ በር ክፍት ተደረገ። እውነተኛ ሐዘን ላይ የተመሠረተ ተውኔት የምትመርጡ ከሆነ ያ ሐዘን የገባበት ሰው ንባቡ ላይ መገኘት አለበት፤ አዳራሽ ከተከራያችሁ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው።

የመጀመሪያ ትርዒታችንን ያሳየነው በዚያው ግቢ ነው። ይህም የምርጫ ጉዳይ ነው። ተውኔት ስትመርጡ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚታይ አብራችሁ አስቡ። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ የበርጫና የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ የጠራችሁት ሰው አይመጣም። ዝግ አዳራሽ ውስጥ ማራገቢያ ካልተከፈተ ተመልካች አይችልም፣ ከተከፈተ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነገር ነገር አይሰማም፤ ስለዚህ በሹክሹክታ የተሞላ ተውኔት ለአዳራሽ አትምረጡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ታሪኩ በመብራት ለውጥ ላይ የተንጠለጠለ አይሁን። ረመዳንና የዓቢይ ጾም የሚገቡበትን ጊዜ ከልምምድ መርሐ ግብሩ በፊት ተመልከቱ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ አገር ውስጥ ያለ ደራሲ ብዙ ጊዜ ከምትፈሩት በላይ ቸር ነው። የሚያስቀይመው አለመጠየቁ ነው። አሁን አንድ ተውኔት ንባቡን ሲያልፍ ማንም ሰው ንግግሩን በቃሉ መያዝ ሳይጀምር ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ውስጥ ክበቡ ማን እንደሆነ፣ የት ከተማ፣ በየትኛው አዳራሽ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ መግቢያው ስንት ብር እንደሆነ ወይም በነፃ እንደሆነ፣ መቁረጥ ወይም መለወጥ የምንፈልገው ክፍል ካለ የትኛው እንደሆነ፣ ለደራሲው ምን ያህል ለመክፈል እንደምንችል በግልጽ ይሰፍራል። ከመግቢያው ገቢ ድርሻ መስጠት ለትንሽ ክበብ ከቁርጥ ክፍያ ይቀላል። በስልክ እሺ ቢባልም ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ይኑራችሁ። ደራሲው ካረፈ ከአንዱ ወራሽ ጋር ብቻ ተነጋግራችሁ አትጀምሩ፤ ሌሎቹ መስማማታቸውን በጽሑፍ ጠይቁ። የራሳችሁ አባል የጻፈውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከጨርቅ ሻጯ ደራሲያችን ጋር ውል ተፈራርመናል፤ ተውኔቱ የእሷ ነው፣ ክበቡ ቢፈርስም ይዛው ትሄዳለች። የውጭ አገር ሥራ ከሆነ በታተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ገጾች ላይ የትርዒት ፈቃድ የሚጠየቅበት ወኪል ስምና አድራሻ ይገኛል፤ የመተርጎም ፈቃድም አብሮ መጠየቅ አለበት።

«የሳይዝ ወንድማማቾች»ን ለማሳየት ለወኪሉ ጽፈናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ድረስ ሦስቱን ሚናዎች የሚያነቡት ልጆች እየተቀያየሩ ነው፤ ማንም ሚናው የእኔ ነው እንዳይል ሆን ብለን ነው ያደረግነው። እምቢ ከተባልንም ያጣነው ገንዘብ የለም፤ ለአዳራሽ ቀብድ አልከፈልንም፣ አልባሳት አልተከራየንም። በእጃችሁ ያለ ያልታየ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛ ወይም የሐረሪ ተውኔት ካለ፣ በተለይ ከአምስት የማይበልጡ ተዋንያን የሚበቁት ከሆነ፣ ወደ ድሬዳዋ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ። እናነብላችኋለን፤ እናንተ ግን ወደ ኋላ ተቀምጣችሁ ትሰማላችሁ።